የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚወጣበት መንገድ፦ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት አመጣጥና አደረጃጀት

1. ሁለት ዕውቀት በአንድ ሰው

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚባለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ አንድ የትምህርት ዓይነት ለይቶ የሚያስተምር ባለሙያ ነው። የታችኛው ክፍል መምህር በአንድ ክፍል ተወስኖ ብዙ ትምህርቶችን ሲያዳርስ፣ የላይኛው ፊዚክሱን ወይም ታሪኩን ብቻ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። ስለዚህም ሥልጠናው ከመነሻው ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ አንደኛው የትምህርት ዓይነቱን በዲግሪ ደረጃ ማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥነ ትምህርት ወይም ፔዳጎጂ የሚባለው፣ ትምህርትን የማቀድ፣ የማስረዳት፣ የመመዘንና የተማሪውን አእምሮ የመረዳት ሙያ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መቼና በምን ቅደም ተከተል ይገናኙ የሚለው ጥያቄ ለሰማንያ ዓመታት ያህል የመምህራን ማሠልጠኛዎችን ቅርጽ ሲወስን ቆይቷል። መልሱ በተቀየረ ቁጥር በሰነድ ላይ የሚሰፍረው ምክንያት የትምህርት ጥራት ቢሆንም፣ ውሳኔውን በተግባር ያስገደደው አብዛኛውን ጊዜ የመምህር እጥረት ነበር።

ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰዋል። በጀርመን ዕጩው መምህር ከዩኒቨርሲቲ ጥናቱ በኋላ በትምህርት ቤት ውስጥ ረዘም ያለ የልምምድ ጊዜ አሳልፎ ሁለተኛ የመንግሥት ፈተና ሲቀመጥ፣ በእንግሊዝ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው አንድ ዓመት የመምህርነት ትምህርት ጨምሮ ወደ ሙያው መግባቱ የተለመደ ነው። ዲግሪውና የማስተማር ሙያው በአንድ ላይ የሚሰጡበት አሠራር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ሙያው ከዲግሪው በኋላ የሚመጣበት ደግሞ ተከታታይ ተብሎ ይጠራል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ሞክራለች።

2. ወንበር መትከል

ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት መምህር የሚወጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቤት ነበር፤ የዛሬው የአዊ ዞን የሚገኝበት ጎጃም ደግሞ ዋሸራንና ጎንጅን በመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎቹ የታወቀ አገር ነው። በጉባኤ ቤቱ ሥርዓት መምህር ለማፍራት የተለየ ተቋም አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ማሠልጠኛ ነበር። የበረታው ተማሪ ለጀማሪው ግስ እያስገሰሰ፣ አስነጋሪ ሆኖም የጓደኞቹን ቅኔ እየሰማና እያረመ፣ ከየኔታ ሥር ለዓመታት ይቆያል፤ ሲበቃው አስመስክሮና ተመርቆ በሌላ ደብር ወንበር ይተክላል። ዕውቀቱና የማስተማር ልምዱ አብረው ስለሚያድጉ፣ መቼ ይገናኙ የሚለው ጥያቄ በጉባኤ ቤት የሚነሣ አልነበረም። የዘመናዊው ሥልጠና አዘጋጆች ይህን ሥርዓት እንደ ምሳሌ ሲጠቅሱት እምብዛም አይታይም፤ ኋላ ግን የተግባር ልምምድ በሚል ስም ብዙ ወጪ የወጣበት ነገር ከዚህ ሥርዓት የራቀ አልነበረም።

3. መምህሩ ከውጭ የሚመጣበት ዘመን

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ነው፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ከውጭ በመጡ መምህራን ላይ የቆመ ነበር። የጣሊያን ወረራ በጅምር የነበረውን ሁሉ ስላቋረጠው፣ ከነጻነት በኋላ ሥራው ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት አገሪቱ አንድ የተደራጀ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገኘች፤ ለዚያ ደረጃ የሚበቃ መምህር የሚያወጣ ተቋም ግን አልነበራትም።

በ1936 ዓ.ም. በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴር ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆኖ የጀመረው ሥልጠና በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ዓላማው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ማዘጋጀት ነበር። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር፤ መሠረቱ ሳይጣል ጣራ አይሠራምና። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ደረጃው ለሁለት አሥርት ዓመታት በእንግሊዛውያን፣ በሕንዳውያንና በሌሎች የውጭ ዜጎች እጅ እንዲቆይ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች፣ ሲገቡ አብዛኞቹ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተላኩትም ክፍተቱ በዚያ ስለነበር ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ዲግሪ እንጂ የመምህርነት ሙያ አልነበራቸውም፤ ዲግሪ ካለ ማስተማር ይቻላል የሚለው ግምትም ኋላ በአገር ልጆች ላይ ሲሠራ ታይቷል።

4. ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን ሲረከብ

በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ሌሎቹ ኮሌጆች በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ማፍራት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፋኩልቲ ሥራ ሆነ። የፋኩልቲው አሠራር ጎን ለጎን የሚሄደው ነበር፤ ተማሪው የሚያስተምረውን ዋና ትምህርት በየዘርፉ ክፍለ ትምህርት እየተማረ፣ ሥነ ልቡናውንና የማስተማሪያ ዘዴውን በትምህርት ፋኩልቲው ይወስድ ነበር። በዚህ መንገድ የተመረቀ ሰው ከመጀመሪያው መምህር ለመሆን የገባ ነውና፣ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም በሙያው የመቆየት ዝንባሌ ነበረው።

ፋኩልቲው ብቻውን የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶችን ሊሞላ ስላልቻለ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ በተለምዶ «ሰርቪስ» የተባለው፣ ተቋቋመ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር የማገልገል ግዴታ ተጣለበት፤ አብዛኛው የተመደበውም በመምህርነት ነበር። ሕግ የሚያጠናው ታሪክ ሲያስተምር፣ ምሕንድስና የሚያጠናውም ሒሳብ ይዞ ክፍል ሲገባ የሥነ ትምህርት ዝግጅቱ ለይስሙላ ያህል እንደነበር ግልጽ ነው፤ ሆኖም የክፍለ ሀገሩ ተማሪ ከፈረንጅ ሌላ፣ በቋንቋውም በዕድሜውም የሚቀርበው መምህር በብዛት ያየው በዚያ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የዩኒቨርሲቲውን የፖለቲካ ክርክር ጭምር ወደ አውራጃ ከተሞች ይዘው መውረዳቸው ዕቅድ አውጪዎቹ ያላሰቡት ውጤት ነበር።

በዚሁ ዘመን ሁለት ሌሎች ተቋማት ተጨመሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮተቤ ላይ የሠፈረው የመምህራን ኮሌጅ ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም በጊዜው አጠራር ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል፣ መምህራንን በዲፕሎማ ያወጣ ጀመር። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። የአካዳሚው የመጀመሪያ ተልእኮ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት አደራጆችን ማፍራት ነበር። ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና የተሻገረው ኋላ ላይ ነው፤ ግቢው ዛሬም «ፔዳ» እየተባለ የሚጠራው ከዚያ ዘመን ስሙ ተነሥቶ ነው።

5. ብዛት ሲቀድም

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለውን የማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም ጭምር ሲሆን፣ አድማው ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆኗል። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሰርቪስን ተክቶ አለፈ፤ ከዚያም ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተስፋፉ። ትምህርት በፈረቃ ሆነ፤ ለ9ኛና ከዚያ በላይ ላሉ ክፍሎች ዲግሪ ያለው መምህር ሲጠፋ ዲፕሎማ ያለው ገባ፤ እርሱም ባልተገኘበት ቦታው በሌላ ትምህርት መምህር ይሸፈን ነበር። በዚህ ጭንቅ ጊዜ ሥር የሰደደው ዘላቂ ነገር የክረምት ትምህርት ነው። በሥራ ላይ ያለው መምህር ዘጠኝ ወር አስተምሮ፣ ሐምሌና ነሐሴን ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረ፣ በተከታታይ ክረምቶች ዲግሪውን የሚያሟላበት ይህ ሥርዓት ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያስገባ ሁለተኛ በር ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በተግባር ሲታይ ከሁሉም መንገዶች ለመምህሩ ኑሮ የሚስማማው ይኸው ነው፤ ደመወዙ አይቋረጥም፣ በክረምት የተማረውንም በመስከረም ክፍል ውስጥ ይሞክረዋል።

6. ከ1986ቱ ፖሊሲ እስከ ቴሶ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለየደረጃው የሚያስፈልገውን ማስረጃ ለየ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያስተምር ሰርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ የሚያስተምር ዲፕሎማ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምር ዲግሪ እንዲኖረው ተወሰነ። ክልሎች የታችኛውን ደረጃ ማሠልጠኛዎች ሲረከቡ፣ የሁለተኛ ደረጃው መምህር ግን የሚሠለጥነው በፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሚቀጠረው ደግሞ በክልል ሆነ። ይህ ክፍፍል ያመጣው ችግር አሁንም ይታያል፤ ቀጣሪው ምን ዓይነት መምህር ስንት እንደሚፈልግ ያውቃል፣ አሠልጣኙ ግን የሚቀበለው ተማሪ ሲመደብለት እንጂ ቀጣሪው ሲጠይቀው አይደለም።

ቀድሞ የፔዳጎጂ አካዳሚ የነበረው የባሕር ዳሩ የመምህራን ኮሌጅ ከከተማው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተጣምሮ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲመረቅ፣ የአማራ ክልል ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና የራሱ ትልቅ ማዕከል አገኘ። በ1996 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ፣ በአጭር ስሙ ቴሶ፣ የዲግሪውን ጊዜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዝቅ አደረገ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት የመጀመሪያውን ዓመት ተክቷል በሚል ሐሳብ። በምትኩ አሳታፊ የማስተማር ዘዴንና ፕራክቲከም የሚባለውን የትምህርት ቤት ልምምድ የሥልጠናው አከርካሪ ለማድረግ ታሰበ። የሚያሠለጥኑት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራንም ራሳቸው ከፍተኛ ዲፕሎማ ወይም ኤችዲፒ የተባለ የአንድ ዓመት የሥነ ዘዴ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደረገ።

ፕራክቲከም በወረቀት ላይ የተሟላ ነበር። ዕጩው በመጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ነባሩን መምህር ያግዛል፣ በመጨረሻም ዓላማውን፣ መግቢያውን፣ የመምህሩንና የተማሪውን ተግባር፣ ማጠቃለያውንና ምዘናውን በሠንጠረዥ የለየ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ብቻውን ክፍል ይገባል፤ ተቆጣጣሪው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጹን ይሞላል። ይሁን እንጂ ዕጩዎች በብዛት በአንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች ሲከማቹ፣ አንድን ክፍል ለብዙ ሰው ማካፈል፣ የተቆጣጣሪውንም ጉብኝት ማሳጠር የግድ ሆነ። ልምምዱ ቀርቶ ቅጹ የሚሞላባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ማንም በሥርዓቱ ያለፈ ያውቃል።

ወዲያው በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» መጣ። በሳተላይት የሚተላለፈው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ቴሌቪዥኑ ሲይዝ፣ መምህሩ በመግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ርዕሱን አስተዋውቆ መጨረሻ ላይ እንዲያጠቃልል ተመደበ። ስርጭቱ ቀጥታ ነበርና፣ ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር መምህሩ አቁሞ ሊያስረዳው አይችልም። እዚህ ላይ የሚገርመው ጊዜው ነው፦ ቴሶ መምህሩ ተማሪውን እያሳተፈ፣ እየጠየቀና እየመራ እንዲያስተምር ባሠለጠነው በዓመቱ፣ ትምህርቱ መምህሩ ዝም ብሎ እንዲያይ በሚያስገድድ መሣሪያ እጅ ገባ። የእነዚህ ሁለት መርሐ ግብሮች አለመገናኘት የመምህራን ሥልጠና ከትምህርት ቤቱ አሠራር ተነጥሎ ሲታቀድ ምን እንደሚሆን በደንብ ያሳያል።

7. ዲግሪው አስቀድሞ፣ ሙያው ተከትሎ

የቴሶ ዲግሪ የደረሰበት ዋና ወቀሳ የትምህርት ዓይነት ዕውቀቱ ሳስቷል የሚል ነበር። መልሱ ሥርዓቱን ወደ ተከታታዩ አሠራር ማዞር ሆነ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጩው በመጀመሪያ ከማንኛውም ተማሪ ጋር የሦስት ዓመት ዲግሪውን በኬሚስትሪ ወይም በጂኦግራፊ ይይዛል፣ ከዚያም አንድ የትምህርት ዓመት የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ፣ በተለምዶ ፒጂዲቲ፣ ይወስዳል። በዚህ ዓመት ውስጥ የታዳጊ ወጣቶች ሥነ ልቡና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ ተግባራዊ ምርምር፣ የየትምህርቱ ማስተማሪያ ዘዴና የትምህርት ቤት ልምምድ ተካተዋል። አካቶ ትምህርት አካል ጉዳተኞችንና ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር ሲሆን፣ ተግባራዊ ምርምር ደግሞ መምህሩ በራሱ ክፍል የገጠመውን ችግር አጥንቶ መፍትሔ የሚሞክርበት ነው።

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ይህ መንገድ ጠንካራ ነው፤ ድክመቱ በገባው ሰው ላይ ታየ። ቀድሞ ወደ ትምህርት ፋኩልቲ የሚገባው ተማሪ ቢያንስ መምህር እንደሚሆን አውቆ ነበር፤ የፒጂዲቲው ዕጩ ግን ብዙውን ጊዜ በተመረቀበት ሙያ ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ መምህርነትንም እስኪያልፍ የሚያርፍበት የሚያደርግ ነበር። መንግሥትም የመምህር እጥረቱ ሲጠናበት ዲግሪ ያላቸውን ያለ ፒጂዲቲ እየቀጠረ፣ ሥልጠናውን በክረምት እንዲያሟሉ አደረገ። በዚህም ተከታታይ የተባለው ሥርዓት በብዙ ቦታ ተገልብጦ፣ ማስተማሩ ከሥልጠናው ቀደመ። ሰርቪስ ከተቋረጠ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ዲግሪ ካለ ይበቃል የሚለው ግምት በሌላ ስም ተመለሰ።

በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ ይህን ተችቶ፣ ዲግሪውና ሙያው እንደገና እንዲጣመሩና ጊዜውም አራት ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የ2015ቱ ፖሊሲም የትምህርቱን እርከን ወደ ስድስት፣ ሁለትና አራት መልሶ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን ክፍሎች አንድ የሁለተኛ ደረጃ አካል አደረጋቸው። ከስልሳ ዓመት በፊት በትምህርት ፋኩልቲው የተጀመረው ጎን ለጎን የሚሄድ አሠራር ረጅም ዞሮ ወደ መነሻው ተመለሰ ማለት ነው።

8. ከምረቃ በኋላ ያለው መዋቅር

ዛሬ የመምህርነት ብቃት በዲግሪ ብቻ አይቋጭም። ተመራቂው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ባወጣው ድልድል በዞን ትምህርት መምሪያና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይቀጠራል፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረበትን የወጪ መጋራት ዕዳም በገንዘብ ፈንታ በመምህርነት አገልግሎት ሊከፍል ይችላል። በጀማሪ መምህርነት በሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ጊዜ በነባር መምህር አማካሪነት ይሠራል፣ ከዚያም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በመምህራን አጠራር «ተሙማ»፣ በየዓመቱ 60 ሰዓት ይጠበቅበታል። የዕድገት እርከኑ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህርና ከፍተኛ መሪ መምህር እያለ ይወጣል።

በዚህ ላይ የተጨመረው የሙያ ፈቃድና እድሳት ሥርዓት ነው። መምህሩ የጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል፤ ከፈተናውም ጋር ማኅደረ ተግባሩ ይመዘናል። ማኅደረ ተግባር የመምህሩ የሥራ ማስረጃዎች የሚቀመጡበት አቃፊ ሲሆን፣ በውስጡ የትምህርት ዕቅዶቹ፣ የተማሪዎች ውጤት ትንተና፣ የተሙማ ሰነዶቹና የሠራው ተግባራዊ ምርምር ይገኛሉ። የዚህ ምዘና ችግር አቃፊው ሊዋስና ሊገለበጥ መቻሉ ነው፤ የጎረቤትን ተግባራዊ ምርምር ስም ቀይሮ ማቅረብ በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ የሚነገር ቀልድ ሆኗል። ፈተናው የትምህርት ዓይነት ዕውቀትን በተሻለ ይለካል፣ የማስተማር ችሎታን ግን ክፍል ገብቶ ከማየት በስተቀር የሚለካው ነገር እስካሁን አልተገኘም።

9. ከአዊ ሲታይ

በአማራ ክልል ከሚገኘው የአዊ ዞን ተነሥቶ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚያስብ ወጣት ቀድሞ በሩን የሚያገኘው በባሕር ዳር፣ ኋላም በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ሲጀምር ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ለመጀመሪያ ጊዜ በዞኑ ውስጥ ሆነ። ከዚህ ጎን የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለታችኛው ደረጃ ያሠለጥናል፤ ከኮሌጁ ወጥቶ በዲፕሎማ ሲያስተምር የቆየ መምህርም በክረምት ዲግሪ ይዞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚሻገርበት መንገድ አለ። ይህ መንገድ ረጅም ቢሆንም፣ አካባቢውንና ልጆቹን የሚያውቅ መምህር የሚያወጣው በአብዛኛው እርሱ ነው።

የአዊ ክፍል የራሱ ፈተና ደግሞ ቋንቋው ነው። በዞኑ በበርካታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው አዊኛ ሲሆን፣ ተማሪው አማርኛን እንደ ትምህርት ይማራል፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚህ መገናኛ ላይ የሚቆመው የባዮሎጂ ወይም የሒሳብ መምህር በተግባር በሦስት ቋንቋ ይሠራል፤ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በአማርኛ አብራርቶ፣ ከቻለም በአዊኛ ያረጋግጣል። ይህን ሥራ በስም ጠርቶ የሚያሠለጥን ኮርስ በቴሶም ሆነ በፒጂዲቲ ዋና ትምህርቶች ውስጥ አልነበረም፤ መምህሩ የሚማረው ከተማሪው ፊት ነው።

አዲሱ የአራት ዓመት መንገድ የሚያሳስበው ሌላው ነገር የሚገባበት ሰው ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በማካካሻ ትምህርት ቁጥሩን ቢያሰፉትም፣ ከላይ ያሉት ውጤቶች ወደ ሕክምናና ወደ ምሕንድስና ስለሚሄዱ ለመምህርነት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ፣ ከክልሉ ለፈተናው የሚቀመጠውም ተማሪ ቀንሷል። ዛሬ ያልተማረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጎድለው መምህር ነው፤ የትምህርት ቢሮው ክፍተቱን በክረምት ሠልጣኞች ለመሙላት ከመረጠ ደግሞ የሚያገኘው አሁን በዲፕሎማ እያስተማሩ ካሉት መካከል ብቻ ይሆናል።